የሮማዊቷ ኩራዝ

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ለሞተች ሮማዊት ስትጽፍ፣ እማዬ እዚህ ማድ ቤት ብቻዋን ትበላ ነበር!»

ይህ የሴት ድምፅ የተዘጋውን በር አልፎ ሲመጣ ጣቴ ደወሉ ላይ ሊያርፍ ሲል ነበር፤ እዚያው አየር ላይ ቀረ። ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ጄኔቭ፣ ኦኔ ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ። እኔ አበጀና አቶ ወልደሥላሴ ሙሉ ልብስ ለብሰን፣ ከረባት አስረን፣ ለሽምግልና በመጣንበት ቤት በር ላይ እንደ ሌባ ጆሯችንን ጥለን ቆምን። ያዳመጥኩት ወድጄ አይደለም፤ ጆሮዬ ተፈጥሮው ነው፤ ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን ጣቢያ ቆሜ ባቡሩ ገና ከባደን ከተማ ሲነሣ የምሰማ ሰው ነኝ። ከአባትየው በኩል መልስ ጠበቅን። አልመጣም። የመጣው ዝምታ ነው። ዝምታ ደግሞ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ሃያ ሦስት ዓመት ስዊስ የኖረ ሰው የዝምታ ፕሮፌሰር ነው፤ የሊፍቱን፣ የባቡሩን፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ዝምታ ሁሉ በመልኩ ለይቼ አውቃለሁ። ይሄኛው ግን አባትና ልጅ ለዓመታት አብረው ያሳደጉት ዝምታ ነበር። ቢመዘን ከመጋዘናችን ማንሻ መኪናዎች አንዱም አያነሣውም።

«እንመለስ» አሉኝ አቶ ወልደሥላሴ በሹክሹክታ።

«በሁለት ባቡርና በአንድ ትራም መጥቼ?» አልኩና ደወሉን ተጫንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእምነት የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ዲቲኮን መጋዘን ውስጥ በእኔ ሥር ይሠራል። በእኔ ሥር ስል፣ መጋዘኑን በሙሉ የማዘው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል፤ ወረቀቱ የስድስት ሰው ኃላፊ ነው የሚለኝ፣ ወረቀት ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ያሳንሳል። ልጁ ሽታፕለር የምንለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። በሊቢያ በኩል ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ ስድስት ዓመት በጊዜያዊ ፈቃድ ተንጠልጥሎ፣ ጀርመንኛውን ተምሮ፣ የሙያ ሥልጠናውን ጨርሶ ሰው የሆነ ልጅ ነው። ከዚህ ቤት ጌታ ከአቶ ኅሩይ ልጅ ከዮሐና ጋር ከተዋወቁ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እሷ እዚሁ ጄኔቭ ተወልዳ ያደገች የሠላሳ ሦስት ዓመት ነርስ ናት፤ ፈረንሳይኛ ስትናገር ወንዝ ነው፣ አማርኛዋ ግን ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ይመስላል። ማዘጋጃ ቤት ሄደው ቢፈርሙ የሚከለክላቸው የለም። ግን ዮሐና «አባቴ ከልቡ እሺ ካላለ አላገባም» ብላለች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኮ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። በመጀመሪያው አቶ ኅሩይ «እናስብበት» አሉ። በሁለተኛው፣ «ልጄ ዕቃ ከሚያነሣ ሰው ጋር ማታ ማታ ምን ታወራለች?» አሉ። ከዚህ በኋላ ዮሐና ለበእምነት ቁርጡን ነገረችው፤ ሦስተኛው የመጨረሻ ነው፣ ከዚያ በላይ ሰው አላስለምንም፣ እምቢ ካለ ይለይልናል። ያን ጊዜ ነው ወደ እኔ የመጡት፤ ሰው ሐኪም ቤቱን ሁሉ ዞሮ ሲያበቃ ወደ ጸበል እንደሚሄደው። ሦስተኛ ሆነው ሊመጡ የነበሩት ቄስ ዘበነ ጉንፋን ስለጣላቸው ሁለት ሆነን ሄድን። እኔ እንደ ሁለት ስለምቆጠር ቁጥሩ አልጎደለም።

በሩን የከፈተችልን ዮሐና ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ ግን የነርስ ፊቷን ቶሎ አጥልቃ «ግቡ፣ ግቡ፣ ብርድ ነው አይደል?» አለችን፤ ኮታችንን ተቀበለችና ወደ ማድ ቤት ጠፋች። አቶ ኅሩይ ሳሎኑ መካከል ቆመው ጠበቁን። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽራቸው በገመድ ደረታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ ክርናቸው ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ሹራብ የለበሱ። ሠላሳ ዓመት በአንድ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጉሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እጃቸውን ስጨብጥ የመሃል ጣታቸው ጠርዝ ላይ የእርሳስ ጠባሳ ተሰማኝ፤ የእርሻ ሰው መዳፍ ላይ እንደሚገኘው ያለ የደረቀ ጉብታ።

ሳሎኑን ልንገራችሁ። ሦስት ክፍል ያለው ቤት ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለኖሩበት ኪራዩ አሥራ አራት መቶ ፍራንክ ብቻ መሆኑን፣ ዛሬ ለአዲስ ተከራይ ከሁለት ሺህ ስምንት መቶ እንደማያንስ አቶ ኅሩይ ሳንጠይቃቸው ነገሩን፤ የጄኔቭ ሰው ስለ ኪራይ ሳያወራ ስለ እግዚአብሔር አያወራም። መስኮቱ ሙሉ የሳሌቭ ተራራ ነው፤ ገብቶ ሊቀመጥ ፈልጎ ቦታ ያጣ ይመስላል። ግድግዳው ላይ ከአምስት ዓመት በፊት ያረፉት ባለቤታቸው የወይዘሮ የወይንሐረግ ፎቶ አለ፤ ሐይቁ ዳር ቆመው በፀሐይ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገዋል። ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው። ስድስት ሰው የሚያስቀምጠው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ሁለት መዝገበ ቃላት ተዘርግተዋል፤ እያንዳንዳቸው የቤት መሠረት ቢጣልባቸው የሚችሉ። የተቀረጹ እርሳሶች እንደ ወታደር ተሰልፈዋል። ከጎናቸው አሥራ አንድ ሰማያዊ ጥራዞች ተደርድረዋል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ጠረጴዛ አይቻለሁ፤ እንዲህ እንደ መንበር ቆሞ «ጫማህን አውልቅ» የሚል ግን አላየሁም።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ፤ የሽምግልና ወጉ ነውና። ስለ ባቡሩ ጠየቁን፤ ግማሽ ዋጋ ባለ ካርድ ሆኖም አርባ ምናምን ፍራንክ መሆኑን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ዙሪክ ጭጋግ ጠየቁን፤ የራሴን ጫማ ማየት አቅቶኝ ጣቢያ የደረስኩት በእግዚአብሔር ኃይል ነው አልኳቸው። ፈገግ አሉ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግሁና ንግግሬን ጀመርኩ። ንግግሬን እዚህ አልደግመውም፤ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ስናገር ዙሪክ ካንቶን ውስጥ ያልተጋባ ሰው እንደማይቀር የሚያውቅ ያውቃል። የልጁን ጨዋነት፣ ትጋት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን ከፍ ከፍ አደረግሁት። ባሕሩን ያቋረጠበትን ጀልባ እሱ ራሱ የነዳው አስመሰልኩ። አቶ ኅሩይ አንገታቸውን ደፍተው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «አቶ አበጀ፣ ይህን ሁሉ አልጠራጠርም» አሉ። «ጨዋ ልጅ ይሆናል። ግን እዩት ይህን ቤት። እኔ አንድ ጊዜ ከባለቤቴ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓለም ኖሬበታለሁ። እኔ እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ እሷ እዚያ። የማይነጋገሩ ሰዎች ሲጋቡ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ልጄን በዚያ ላይ አልዳርም።»

ይህን ሲሉ አነጋገራቸው የተለየ አልነበረም፤ የኪራዩን ዋጋ በነገሩን ድምፅ ነው ያሉት። አቶ ወልደሥላሴ ወደ ወለሉ አዩ። እሳቸው ቪንተርቱር ሆስፒታል ማድ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው የወጡ፣ ከሚናገሩት የሚያስሉት የሚበዛ ሰው ናቸው። እኔ ግን ጉዳዩ ከእጄ ሊያመልጥ መሆኑን አየሁ። በእምነትን አየሁት፤ ዛሬ ጠዋት ፈረቃውን ሲጀምር «ጋሽ አበጀ፣ አደራ» ሲለኝ የነበረውን ፊት። አፌ እንግዲህ የለመደውን አደረገ።

«ስለ መነጋገር ከሆነማ ችግር የለም» አልኩ። «ልጃችን ላቲን ያነባል።»

አቶ ወልደሥላሴ አሳሉ። ዮሐና የሻይ ሰርቪስ ይዛ ከማድ ቤት ስትወጣ ነበር፤ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች፤ ብርጭቆዎቹ ብቻ ትንሽ ተንጫጩ።

«ላቲን?» አሉ አቶ ኅሩይ።

«እንደ ዳዊት ነው የሚደግመው! አንድ የካቶሊክ መነኩሴ ናቸው ያስተማሩት። እረፍት ሰዓት ላይ ሰው ሲጋራ ሲያጨስ እሱ ላቲኑን ይዞ ጥግ ይይዛል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ቆጥቼዋለሁ።»

ወገኖቼ፣ ሰው ሲያረጅ አይቻለሁ፤ ሰው በአንድ ደቂቃ ሃያ ዓመት ሲመለስለት ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። የአቶ ኅሩይ ትከሻ ተነሣ። መነጽራቸውን አድርገው አወለቁት፣ መልሰው አደረጉት። ወደ ጠረጴዛው ሲሄዱ እግራቸው እንደ ሕፃን ተቻኮለ። ከአሥራ አንዱ ጥራዝ የመጨረሻውን፣ ግጥሞቹ ሁሉ የተጠቃለሉበትን፣ አወጡና እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘውት መጡ። «ማንም አላነበበውም» አሉን። «ስሙ እንኳን ያልታወቀ ሮማዊ ነው፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ለአንዲት ሴት የጻፋቸው ሠላሳ ሰባት የፍቅር ግጥሞች። በእንግሊዝኛ ግጥም አድርጌ መልሻቸዋለሁ፤ ልኩን ጠብቄ፣ ቤት እየመታሁ። ሠላሳ ስድስቱ አልቀዋል።» ከፈቱት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደዚያ ያለ ወረቀት አይቼ አላውቅም። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ላቲኑ በቀይ፣ እንግሊዝኛው በእርሳስ፣ ፊደሉ ከማተሚያ የወጣ ነው የሚመስለው። የመጨረሻው ግጥም ላይ ስንደርስ የመጨረሻዋ አንዲት መስመር አርባ አንድ ጊዜ ተጽፋ አርባ አንድ ጊዜ ተሰርዛለች፤ ያውም በማስመሪያ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ስሕተቱም እንኳ ክብሩ ሳይነካ። «በእሷ ላይ አራት ዓመት ሆነኝ» አሉ። አራት ዓመት! እኔ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ ቀይሬ አንድ ሚስት ፈትቻለሁ።

«ለምን በእንግሊዝኛ ሆነ?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ ድንገት። በዚያ ቀን የተናገሩት ሁለተኛው ነገር ነው።

አቶ ኅሩይ ጥራዙን ዝቅ አደረጉት። «እንግሊዝኛ የቢሮ ቋንቋዬ ነው። ምንም ብጽፍበት አያሳፍረኝም። በአማርኛ… በአማርኛ ከሆነ እኔ ያልኩት ይሆናል።»

ከዚያ አነበቡልን። መጀመሪያ በላቲኑ፤ ወፍራም፣ ቀስ ያለ፣ ከመሬት በታች እንደሚሄድ ውኃ ያለ ነገር ነው። ቀጥለው በእንግሊዝኛው። እንግሊዝኛ እኔ አውቃለሁ፤ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ዓመት ሻንጣ ስጭን ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ጋር የተነጋገርኩ ሰው ነኝ። የአቶ ኅሩይ እንግሊዝኛ ግን ከሻንጣ ጋር የሚተዋወቅ አልነበረም። ስለ መብራት፣ ስለ ነፋስ፣ ስለ እጅ የሚል ነገር ያዝኩ፤ ሌላው አመለጠኝ። ቢሆንም ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ዮሐናን አየኋት። ሰርቪሱን እንደያዘች ነው። ይህን ድምፅ አታውቀውም ማለት ነው፤ አባቷ ከሚኖሩበት ቤት ውስጥ ያልሰማችው ድምፅ ነበር።

«ላቲን የሚያውቅ ከሆነ ይህችን መስመር ይንገረኝ» አሉ አቶ ኅሩይ። «ሰውየው ምን ብሎ እንደጨረሰ። ስልኩን ስጡኝ።»

«ሥራ ላይ ነው» አልኩ። ማሽን ላይ ሆኖ ስልክ ማንሣት ክልክል ነው አልኩ። ሙሽራ ሽማግሌዎቹ ሳይጨርሱ ከአማቱ ጋር ቢነጋገር ነውር ነው አልኩ፤ ይህ ሦስተኛው እውነት ነበር። አቶ ወልደሥላሴም «ነውር ነው፣ ነውር ነው» ብለው ሊያግዙኝ ሞከሩ። ዮሐና ሰርቪሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

«ኖን። እኔ እደውላለሁ» አለች። እኔን እያየች ነው ያለችው። ቁጣዋን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ሕይወቷን በእኔ ውሸት ላይ ልትሠራ አልፈለገችም፣ ቢፈርስም ዛሬ ይፍረስ ብላለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጥራዙ አጠገብ አኖረችው። ሁለት ጊዜ ጠራ። ከዚያ የዲቲኮን መጋዘን በሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ገባ፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ማሽን ጢጥ ጢጥታ፣ የሚወድቅ የእንጨት ፓሌት፣ የሰው ጩኸት።

«ዮዬ፣ ምን አሉ?» አለ በእምነት።

«አባዬ ነው ሊያናግርህ የሚፈልገው።»

ጩኸቱ ራቀ፤ በር ሲዘጋ ሰማን። «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ» አለ። ድምፁ ቆሞ የሚናገር ሰው ድምፅ ሆነ። አቶ ኅሩይ ሰላምታውን ሰጥተው ሳይቀመጡ ጀመሩ፤ ላቲኑን እስከ መጨረሻው አነበቡለት፣ እንግሊዝኛውን እስከዚያች መስመር ድረስ አስከተሉ፣ «እዚህ ላይ ነው የቆምኩት፤ ላቲኑን አንተ እንዴት ታየዋለህ?» አሉት። እንደ እኩያ ነው የጠየቁት። ያ ነው አንጀቴን የበላው፤ ዕቃ የሚያነሣ ያሉትን ልጅ እንደ እኩያ ጠየቁት።

«ላቲን?» አለ በእምነት። «ጋሼ፣ እኔ ላቲን አላውቅም። ማን እንዳለዎት ግን አውቃለሁ።»

አቶ ኅሩይ ወደ እኔ ዞሩ። አዩኝ ማለት አይቻልም፤ በእኔ ውስጥ አልፈው ግድግዳውን አዩት። ትከሻቸው ወደነበረበት ወረደ፤ ከነበረበትም በታች። እኔ ረጅም ሰው ነኝ፣ ያን ጊዜ ግን ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጋር እኩል ነበርኩ። ጥራዙን ዘጉና ስልኩን ሊያጠፉት እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋሼ፣ አይዝጉት!» አለ ልጁ ያያቸው ይመስል። «ቅድም ሲያነቡ… ሰውየው ምን ሆኖ ነው? የሆነ ነገር ሆኗል አይደል?»

«ግጥም ነው።»

«እሺ፣ በአማርኛ ይንገሩኝ።»

«በአማርኛ አልሠራሁትም።»

«እንዲሁ በወሬ። እረፍቴ ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል።»

አቶ ኅሩይ እጃቸው ስልኩ ላይ እንዳለ ቆዩ። ዮሐና አልተነቃነቀችም፤ ሁላችንም አልተነቃነቅንም፤ ሳሌቭ ራሱ መስኮቱ ላይ ተደግፎ የሚሰማ መሰለኝ። «አንድ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለሕፃን ተረት እንደሚነግር ሰው ድምፃቸውን አሳንሰው። «ከሩቅ አገር እየመጣ ነው። ቀጠሮ ነበረው። ዘግይቷል። ሴትየዋ በሩን ሳትቆልፍ፣ ኩራዟን እንዳበራች ስትጠብቀው እንቅልፍ ወስዷታል። እሱ ይገባል። ይቆማል። እንዲህ ይላል። መጣሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ኩራዝሽ ይነዳል፤ አንቺ ተኝተሻል። ከመስኮቱ ነፋስ ገባ፤ እሳቱን ሊወስድብሽ መጣ። እጄን ጋረድኩለት። መዳፌ ቀላ፤ በጣቶቼ መካከል የራሴን ደም አየሁት። እጄን ካነሣሁ መብራቱ ይጠፋል፤ ካላነሣሁ ልነካሽ አልችልም። ዘይቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ልቁም። ስትነቂ ዘገየህ ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው እልሻለሁ።»

«ሴትየዋ» መቼ ቀርታ «አንቺ» እንደመጣች አላወቅሁም። እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። አርባ አንድ ጊዜ የተሰረዘችው መስመር በአንድ ትንፋሽ ተነግራ ሳሎኑ ውስጥ ቆማለች። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ የምል ሰው ነኝ፤ ሮማ ሄጄ የአገሩን ፍርስራሽ ሁሉ አይቻለሁ፤ ሮማን ያየኋት ግን ያን ጊዜ፣ ኦኔ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ሰው ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት እጁን ለእሳት ጋርዶ እዚህ ቆሞ ነበር፤ ሹራቡ ክርኑ ላይ ቆዳ ተለጥፎበታል።

ስልኩ ውስጥ የማሽኑ ጢጥታ ከሩቅ ይሰማል።

«ከዚያስ? ነቃች?» አለ በእምነት።

«አይታወቅም። ግጥሙ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«እንዴ! ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ሰው?» አለ ልጁ፤ በእውነት ተናዶ ነበር። «ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እኔ ብሆን እቀሰቅሳታለሁ። መብራቱ ይጥፋ! በጨለማ ይነጋገሩ።» ከበስተጀርባው ሰው በጀርመንኛ ጠራው። «ይቅርታ፣ ሰዓቴ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ደስ ይላል» ብሎ ዘጋው።

አቶ ኅሩይ የጠፋውን ስልክ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ፤ ሳቅ ነው። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚንቀጠቀጥበት ሳቅ፤ እየቆየ ሲሄድ ሳቅ መሆኑን ተጠራጠርኩ። ዮሐና መጥታ ከፊታቸው ቆመች።

«አባዬ፣ አንተ ግን ለምን አልቀሰቀስካትም?»

ስለ ማን እንደጠየቀች አልጠየቋትም። «ማታ ማታ ጨርሼ ስነሣ ተኝታ አገኛታለሁ» አሉ። «ነገ አነብላታለሁ እላለሁ። ነገ በአማርኛ አድርጌ። ሁልጊዜ ነገ። ፈርቼ ነው።»

«እማዬን?»

«አማርኛውን።»

የዮሐና ፈረንሳይኛ ወንዝነቱን ረሳ። ወንበር ስባ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ ያን የተዘጋ ጥራዝ ወደ ራሷ አቀረበችና ከፈተችው፤ እንግሊዝኛውን በጣቷ እየተከተለች፣ «ይሄን ደግሞ ንገረኝ» አለች። የመጀመሪያው ገጽ ነበር። አቶ ኅሩይ ሊጀምሩ አፋቸውን ከፍተው እኛ መኖራችንን አስታወሱ።

«አቶ ወልደሥላሴ» አሉ፣ እኔን ዘለው። «ሽማግሌዎቹን እምቢ ብያለሁ። በውሸት የመጣ ሽማግሌ እሺ አይባልም። ልጁ ግን የሚመጣው እሁድ ራሱ ይምጣ። ብቻውን። ምሳ እንበላለን።»

«እሺ ብለዋል ማለት ነው?» አሉ አቶ ወልደሥላሴ፤ ጠንቃቃ ሰው ናቸው።

አቶ ኅሩይ ልጃቸውን አዩ። «እሺ ነው» አሉ። «ከልቤ።» እሷ ቀና አላለችም፤ ገጹ ላይ የነበረችው ጣቷ ግን መሄዷን አቆመች። ከዚያ እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ደግሞ፣ ለሠርጉ ትጠራለህ። ንግግር ግን አታደርግም።»

ኮታችንን ራሳችን ከመስቀያው አንሥተን ወጣን። ሊፍቱ ውስጥ አቶ ወልደሥላሴ አላሳሉም። ከጄኔቭ በተነሣው ባቡር ውስጥ ሐይቁ በስተቀኝ ረጅም መንገድ አብሮን ሄደ። ፍሪቡር ላይ ስንደርስ ከቦርሳቸው ዳቦ አወጡና ግማሹን ሰጡኝ፣ «ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ምን ብለህ ልታወራው ነው?» አሉኝ። እውነት ለመናገር እሱን ሳስብ ነበር የቆየሁት። ግጥሙን ሠላሳ ሰባት ከማለት ሦስት መቶ ሰባ ላደርገው አሰብኩ፤ አነሰ። ሽማግሌውን አሥር ቋንቋ ላናግራቸው አሰብኩ፤ አነሱ። በሕይወቴ የምጨምርበት ያጣሁት ወሬ ይህ ብቻ ነው፤ የነካሁበት ቦታ ሁሉ ይቀንሳል። «ዳቦው ጥሩ ነው» አልኳቸው።

በእምነት ፈረቃውን ጨርሶ፣ ብርቱካናማ ሰደርያውን ሳያወልቅ ዲቲኮን ጣቢያ ጠበቀኝ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር፤ የቅዳሜ ገበያተኛ ፌስታሉን ይዞ በመካከላችን ያልፋል። ፊቱን ሳየው ተስፋ እንደቆረጠ ገባኝ፤ ዮሐና ስልኳን ከቀን ጀምሮ አላነሣችም። ለምን እንዳላነሣች እኔ አውቅ ነበር፤ ሠላሳ ሰባት ግጥም ረጅም ነው።

«አበላሸሁት አይደል?» አለኝ። «አፌን መያዝ አቃተኝ። አዛውንት ሰው አስተማርኩ።»

«እሁድ ምሳ ተጠርተሃል» አልኩት። «እሺ ብለዋል።»

አላመነኝም። ይፈረድበታል? ያቀረብኩለትን ወሬ ሁሉ ለሁለት አካፍሎ መውሰድ የለመደ ልጅ ነው። አቶ ወልደሥላሴን አየ፤ እሳቸው አንገታቸውን ሲነቀንቁ ሰደርያውን አውልቆ መልሶ ለበሰው፤ እጁ የሚያደርገውን አጥቶ። «ብቻዬን?» አለ። «ብቻህን» አልኩት። «ጋሽ አበጀ፣ ምን ልበላቸው? ይንገሩኝ እንጂ! ምን ተብሎ ይገባል? ስለ ምን ይወራል?» እያለ ክንዴን ያዘኝ። ከዲቲኮን እስከ ቪንተርቱር ሰው ሁሉ ንግግር የሚማረው ከእኔ ነው፤ ለሠርግ፣ ለልቅሶ፣ ለፈቃድ ማደሻ፣ ለሁሉም የሚሆን ቃል ኪሴ ውስጥ አለ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልነበረበትም።

«ጫማህን ጥረግ» አልኩት። «ሌላውን ለአንተ የሚያስተምር ሰው በዙሪክ ካንቶን የለም።»